ከመፈረም በፊት የዱቲ ፕሮግራሙን አሳዩኝ በሉ

ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ይለቀቃል። «ክሊኒካል ነርስ፣ ለሦስት ወር ኮንትራት፣ የሥራ ቦታ ጣና ዙሪያ ወረዳዎች፣ ደመወዝ በስምምነት።» ብዙም ሳይቆይ ግማሹ የባሕር ዳር ነርስ ስልክ ላይ ነው። ጥያቄው አንድ ነው። ስንት ይከፍላሉ? አበልስ አለው?

አይፈረድም። ኑሮው የሚታወቅ ነው። ግን ኮንትራት ላይ ነርሶች ሲማረሩ፣ ሲታመሙ፣ አንዳንዶቹም ግማሽ ላይ ጥለው ሲመጡ ያየሁት ከደመወዙ ይልቅ በሰዓቱ ነው። ደመወዝ ውሉ ላይ በቁጥርም በፊደልም ይጻፋል። ስለ ሰዓቱ ግን «እዚያ ስትደርሱ ትነጋገራላችሁ» ይባላል። እዚያ ስትደርሱ የምታገኙት ሰው ደግሞ ከቀጠራችሁ ሰው ሌላ ነው። ነርስ ጎድሎበት እናንተን እንደ ዝናብ ሲጠብቅ የከረመ ሰው ነው። እሱ ፊት ቆሞ ስለ ኦፍ፣ ስለ ዕረፍት ቀን ማለቴ ነው፣ ማውራት ይከብዳል።

እኔ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ዋርድ ላይ ቆይቼ ወደ ኮንትራት የገባሁ ነርስ ነኝ። የወባ ወቅት ፎገራ፣ የክትባት ዘመቻ የጣና ደሴቶች ላይ፣ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) ማከሚያ፣ መሃል መሃል ላይ ደግሞ እዚሁ ከተማ የግል ክሊኒክ ናይት፣ የሌሊት ተራ፣ መሸፈን። ልጄን የምትይዝልኝ እናቴ ናት። መቼ እንደምገባና መቼ እንደምወጣ አስቀድሜ ካላወቅኩ ቤቴ ይናጋል። ስለዚህ ከክፍያው በፊት ስለ ሰዓት፣ ማለትም ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገባ ስለሚያሳየው የዱቲ ፕሮግራም ነው የማወራው። እንዴት እንደማወራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፈራሚው ይታወቅ

«ፕሮጀክቱ ነው የሚቀጥርሽ» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። ውሉ ላይ ማኅተም የሚያሳርፈው ማን ነው? የግል ሆስፒታል፣ ክሊኒክ ወይም ሌላ የግል ድርጅት ከሆነ መያዣችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የመንግሥት ተቋም ከሆነ የምትገቡት በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። ከመደበኛ ሰዓት ውጭ ለሚገባ ዱቲ የሚከፈለው ተመንም በመመሪያ የተቆረጠ ነው። እዚያ በብሩ ላይ መከራከር ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬደው በቀኑና በተራው ነው።

ከአዋጁ ለኛ ሥራ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። መደበኛው ሥራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። በየሰባት ቀኑ ያልተቋረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት አለ፤ እኛ የሕዝብ አገልግሎት ላይ ስለሆንን እሁድ ላይውል ይችላል፤ ቀኑ ግን መኖር አለበት። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሲሆን 1.75 ነው። በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ።

በብር እናስላው። ደመወዙ 10,400 ብር ነው እንበል። በወር 208 ሰዓት ነው የሚያዘው፤ 48ን በ52 ሳምንት አባዝታችሁ ለ12 ብታካፍሉ የምታገኙት ነው። አንድ ሰዓታችሁ 50 ብር ወጣ። የሌሊት ትርፍ ሰዓት 87 ብር ከ50፣ የዕረፍት ቀን 100፣ የበዓል 125 ብር። ይህን በወረቀት ይዛችሁ ስትደውሉ የድምፃችሁ ቃና ራሱ ይለወጣል። አስተባባሪው «ደመወዙ ዱቲንም ይጨምራል» ካላችሁ «ስንት ሰዓት ዱቲን?» ማለት ትችላላችሁ። ብዙ ጊዜ ያን ጥያቄ አስቦበት አያውቅም።

እርጉዝ ከሆናችሁ ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲያሠሯችሁ ሕጉ አይፈቅድም። ይህን መንገር እንደ ውለታ መጠየቅ አይቆጠርም።

ስንት ነርስ አላችሁ?

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው። ጨዋ ጥያቄ ነው። ማንንም አያስቀይምም። መልሱ ግን ሁሉን ያጋልጣል።

በቀን ሦስት ሽፍት አለ፤ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ሌሊት። በሳምንት 21 ሽፍት ማለት ነው። በየሽፍቱ አንድ ነርስ ብቻ ትግባ። አንዷ ነርስ ስምንት ስምንት ሰዓት እየሠራች በሳምንት ስድስት ሽፍት ትሸፍናለች። 21ን ለ6 ስታካፍሉ ሦስት ተኩል ይመጣል። ግማሽ ነርስ የለችም፤ ስለዚህ ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ። «ሦስት ነን» ካሏችሁ በየሳምንቱ ሦስት ሽፍት ባለቤት የለውም። ባለቤቱ የእናንተ ኦፍ ነው። አራት ሆነው አንዷ ከታመመች ወይም ለሥልጠና ከተጠራች ያው ተመልሰው ሦስት ናቸው።

ሦስት ነን ሲሉኝ አልሟገትም። «አራተኛዋ መቼ ትመጣለች?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀን ከነገሩኝ ቀኑ ይጻፍልኝ እላለሁ። ካልነገሩኝ አራተኛ እንደሌለች ገባኝ። ያኔ ድርድሩ ወደ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዞራል። ወይም እተወዋለሁ።

ሥራው ምን እንደሆነም ይወስናል። ካላዛር ማከሚያ ላይ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን አንድ ላይ ነው። በየቀኑ መርፌ፣ ለ17 ቀን። ከመተማና ከሁመራ ሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ አንድ ወጣት ዛሬ 17ኛ ቀኑን ሲጨርስ ጎኑ ያለው ገና ሦስተኛው ላይ ነው። እሁድ ብሎ ነገር የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዋርድ ላይ «ቅዳሜና እሁድ ቀለል ይላል» ቢሏችሁ አትመኑ። መርፌው አይቀልም።

ወባ ሌላ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃው ፎገራ ሜዳ ላይ ሲቋጥር ይጀምርና እስከ ታኅሣሥ ያጣድፋል። ግን ሰው በየቀኑ እኩል አይመጣም። በገበያ ቀን ግቢው ይሞላል። ገበሬው በሬ በማይጠምድባቸው ቀናትም፣ በ12ም፣ በ21ም፣ በ23ም፣ በ29ም እንዲሁ ነው። እኔ ታዲያ ገና ስልክ ላይ ሳለሁ «የገበያ ቀናችሁ መቼ ነው?» እላለሁ። ከዚያ «በገበያ ቀን ኦፍ አልጠይቅም፤ ማግስቱን ግን የኔ አድርጉልኝ።» አስተባባሪው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ ምንም አልጎደለብኝም። በገበያ ቀን ኦፍ የሚሰጠኝ መቼም አልነበረም።

በማን ሰዓት፣ በማን ወር?

ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሰው ያስለቀሰ ነው።

ከውጭ ድርጅት የሚመጣ ውል በእንግሊዝኛ 8፡00 ይላል። የኛ የጠዋቱ 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ አንዱ 8 ሰዓት ብሎ ይተወዋል። አንዷ ነርስ ከቀኑ 8 ሰዓት ትመጣለች፣ ሌላዋ ከጠዋቱ 2 ጀምራ ብቻዋን ስትሠራ ውላለች። በስልክ «በኢትዮጵያ ሰዓት ነው የምናወራው አይደል?» በሉ፤ ውሉም ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚለው ይግባ። ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

«የአርብ ናይት» ሲባልም እንደዚያው ነው። አርብ ማታ ገብቼ ቅዳሜ ጠዋት የምወጣበት ነው ወይስ ለአርብ አጥቢያ? እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። ናይት የወጣችሁበት ቀን ኦፍ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ወጥታችሁ፣ ተኝታችሁ ውላችሁ፣ እሁድ ጠዋት ስትገቡ «ቅዳሜ ኦፍ ነበርሽ» ይሏችኋል። እኔ ውሉ ላይ የማስጽፈው ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «የሳምንት ዕረፍት የሚቆጠረው ከሌሊት ሥራ ከተወጣበት ቀን ቀጥሎ ካለው ቀን ጀምሮ ነው።» ረጅም ነው፤ ግን ብዙ እንቅልፍ አትርፎልኛል።

ከዚያ ወሩ አለ። ውሉ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ኖቬምበር 30 ካለ በአብዛኛው ዓመት ከነሐሴ 26 እስከ ኅዳር 21 ማለት ነው። እንቁጣጣሽም መስቀልም ውስጡ ናቸው። መጨረሻው ኅዳር ጽዮን ላይ ይውላል። «መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር» ከተባለ ግን መጀመሪያውም መጨረሻውም ይለያል። ጳጉሜንስ? በኛ ወር የሚከፍል ቤት 12 ደመወዝ ነው ያለው። ጳጉሜን ላይ የምትገቡበት ዱቲ በየትኛው ወር እንደሚታሰብ ጠይቁ። ብዙዎች ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ግን ለራሳቸውም ግልጽ እንዳልነበረ ይታያቸዋል።

ኦፍ ያለ ጀልባ

ደሴት ላይ ወይም ወደ ዘጌ ስትመደቡ «ስድስት ቀን ሠርታችሁ አንድ ቀን ታርፋላችሁ» ይባላል። ወረቀት ላይ ያምራል። ደቅ ደሴት ላይ ሆናችሁ አንድ ቀን ኦፍ ምን ያደርግላችኋል? ጀልባ ተሳፍራችሁ ከተማ እስክትደርሱ ቀኑ አልቋል። ጣና ደግሞ ጠዋት ጸጥ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። የጀልባ ሰዎች በዚያ ሰዓት መነሳት አይወዱም፤ ሰበብ እየፈለጉ እንዳይመስላችሁ። እኔም አልወድም። ስለዚህ ከሰዓት ሥራ ጨርሳችሁ የምትወጡበት «ኦፍ» በእውነቱ የሚጀምረው በማግስቱ ጠዋት ነው።

እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የምጠይቀው ማጠራቀም ነው። ኦፉን ሰብስቤ በአንድ ላይ ሦስት ቀን ልውሰድ፣ የመጨረሻው ቀን ሥራዬም ቀትር ላይ ያብቃ እላለሁ። ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን። አለዚያ ሳምንታዊውን ሳትወስዱ፣ የተጠራቀመውንም ሳትወስዱ ኮንትራቱ ያልቃል።

ሦስት ጥያቄ ደግሞ አብሮ ይሄዳል። የጉዞው ቀን ከኔ ዕረፍት ነው የሚቆረጠው ወይስ ከሥራ ይቆጠራል? ጀልባውን የሚከፍለው ማን ነው? ተተኪዋ ካልመጣችስ? ሦስተኛው ዋናው ነው። ተተኪ ሳትመጣ ታካሚ ጥሎ የሚወጣ ነርስ የለም፤ እነሱም ያንን ስለሚያውቁ ነው የሚዘናጉት። ስለዚህ «ተተኪ ካልመጣች የቆየሁበት ቀን በዕረፍት ቀን ሥራ ተመን ይከፈላል» የሚል መስመር ይግባ። ይህ መስመር ካለ ተተኪዋ በሰዓቷ የመምጣት ዕድሏ ይጨምራል። ለምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

መንገድም ይዘጋል። እኛ አካባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አንዳንዴ ጎርፍ ነው፤ ፎገራ ላይ ክረምት ውሃው ቀበሌዎቹን ከዋናው መንገድ ይቆርጣል። አንዳንዴ ሌላ ነው። ወደ ሥራ ስትሄዱ ወረታ ላይ ወይም አዲስ ዘመን ላይ ብትቀሩ ቀኑ ከማን ነው? ከሥራ ስትመለሱስ? የሰዓት እላፊ ባለበት ከተማ ማታ 4 ሰዓት የሚያልቅ ሽፍት ምን ማለት ነው? ሰርቪስ አለ ወይስ እዚያው ማደሪያ? ባጃጅ የማይገኝበት ሰዓት ላይ «ውጪ» የሚል ፕሮግራም በር ላይ ያስቀራችኋል። ለግል ክሊኒክ ናይት ስትዋዋሉ ይህን ከደመወዙ በፊት ጠይቁ።

በር ሲንኳኳ

የገጠር ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ማደሪያ ይሰጣችኋል። «ቤት ነፃ ነው» ይሏችኋል፤ ጥሩ ነው። ግን ቤቱ ከማዋለጃው ሃያ እርምጃ ቢርቅ ነው። ሌሊት በር ይንኳኳል። ምጥ የያዛት ሴት በወሳንሳ መጥታለች። ዱቲ ያለችው ነርስ ብቻዋን ናት። ማን ነው ኦፍ ነኝ ብሎ የሚተኛ? ትነሳላችሁ። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ በሰዓታችሁ ትገባላችሁ።

መነሳቱን አልቃወምም። አለመቆጠሩን ነው የምቃወመው። ሁለት ነገር አስቀድሜ እነጋገራለሁ። አንደኛ፣ በየትኞቹ ሌሊቶች ነው ስታንድባይ፣ ሲጠሩኝ ልነሳ ዝግጁ፣ የምሆነው? ሁሉም ሌሊት ስታንድባይ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛ፣ ተጠርቼ የሠራሁበት ሰዓት እንዴት ይመዘገባል? እኔ ትንሽ ደብተር አለኝ። ቀን፣ የገባሁበት ሰዓት፣ የወጣሁበት ሰዓት፣ የካርድ ቁጥር። ሳምንቱ ሲያልቅ የነርሶቹ ኃላፊ (ሄድ ነርሷ) ትፈርምልኛለች። መጀመሪያ ላይ «ምን ትጽፊያለሽ?» እያሉ ይቀልዳሉ። ክፍያ ሲደርስ እነሱም ደብተር ይገዛሉ።

የርክክብ ሰዓትም አለ። ሽፍት 2 ሰዓት ላይ ካለቀ ርክክቡ ከ2 ሰዓት በፊት ነው ወይስ በኋላ? በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ትንሽ አይደለም። ግን እውነቱን ለመናገር በዚህ ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም። ሁሉን ላሸንፍ ያለ ሰው ዋናውን ያጣል።

«እንተጋገዛለን»

የኛ ትልቁ ችግር ይሉኝታ ነው። «ገና ሥራ ሳትጀምር ኦፍ ትጠይቃለች» እንዳንባል እንፈራለን። አስተባባሪዎችም ክፉ አይደሉም፤ በጣም መልካም ቋንቋ አላቸው። ስልኩ እንዲህ ይሄዳል።

«ሲስተር፣ እኛ ጋ ስለ ሰዓት ችግር የለም። እንተጋገዛለን።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መተጋገዙ ደስ ይለኛል። ያለፈውን ወር የዱቲ ፕሮግራም ፎቶ አንስተው ቢልኩልኝ?»

«እሱ እንኳ ይቀየራል። የሚመጣው ወር ገና አልወጣም።»

«ያለፈው ይበቃኛል። አሠራራችሁን ልየው ብዬ ነው።»

እዚህ ላይ ዝም በሉ። ዝምታውን እሱ ይሙላው። የሚልክ ይልካል። የማይልክ ደግሞ ባለመላኩ ነግሯችኋል።

ፎቶው ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። በግራ ስም፣ ከላይ ቀን፣ ውስጡ የሽፍት ምልክት። እኔ መጀመሪያ የማየው ፍሉድ የተቀባበትን ነው። ኦፍ የነበረው ስንት ቦታ ጠፍቶ ናይት ተብሎ ተጽፏል? ሁለት ሦስት ቢሆን የሰው ሥራ ነው፤ ያጋጥማል። ገጹ ነጭ በነጭ ከሆነ ግን ፕሮግራሙ ለይስሙላ ነው። ቀጥሎ የአንዷን ስም ይዤ በጣቴ እስከ ወሩ መጨረሻ እሄዳለሁ። ናይት በናይት ላይ ስንቴ ተደረደረ? ናይት ወጥታ በዚያው ቀን ከሰዓት የገባችበት አለ? በመጨረሻ አዲስ የመጡት ስሞች የት እንዳሉ አያለሁ። ስማቸው ከታች ነው የሚጻፈው። በዓሉ ሁሉ እነሱ ላይ ከወደቀ የእኔም ስም የሚጻፈው እዚያው ነው።

ከዚያ መልሼ እደውላለሁ። አሁን የማወራው ስለ ወረቀቱ እንጂ ስለ እሱ ስላልሆነ አይከፋውም። «በ14 ቀን ውስጥ ከአራት ናይት በላይ እንዳልገባ ብንስማማስ?» እላለሁ። ከመጠየቄ በፊት የምሰጠውን አዘጋጃለሁ። የገናን ናይት እገባለሁ፣ ጥምቀትን ግን ተዉልኝ። ባሕር ዳር ተወልዶ ጥምቀትን ዋርድ ውስጥ መዋል ለኔ ከባድ ነው። ለሌላው ሌላ ሊከብደው ይችላል። ከሙስሊም ባልደረቦቼ ጋር ፋሲካንና ኢድን እንለዋወጣለን፤ ከዚህ የተሻለ ስምምነት አላውቅም። የበዓሉ ክፍያ ግን በመለዋወጥ አይጠፋም፤ የሠራው ይወስዳል።

አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ አሜሪካ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየተዘዋወረች በኮንትራት ትሠራለች። እዚያ የተለመደው ኮንትራት 13 ሳምንት ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 12፣ 12 ሰዓት። ስለ ሰዓት ድርድሯ ስትነግረኝ ከኛ ጋር መመሳሰሉ ገረመኝ። የምትፈልጋቸውን የዕረፍት ቀናት ቀን በቀን ጽፋ ከመፈረሟ በፊት ውሉ ውስጥ ታስገባለች። ኤጀንሲው በአፍ «ይሆናል» ቢል ፕሮግራሙን የሚያወጣው ሆስፒታሉ ስለሆነ በአፍ ያለውን አትቆጥረውም። ሌላም አለ። ታካሚ ሲቀንስ «ዛሬ አትምጪ» ቢሏት ክፍያዋ እንዳይቀር የተረጋገጠ ሰዓት ትጠይቃለች። ወደ ሌላ ዋርድ ሲመድቧት የትኞቹ ዋርዶች እንደሆኑ አስቀድሞ ይጻፋል። ይህን የመጨረሻውን ከሷ ወስጃለሁ። ወባ ብላችሁ ተቀጥራችሁ ማዋለጃ ክፍል ናይት ላይ ራሳችሁን ልታገኙ ትችላላችሁና «የሥራ ቦታና ክፍል» የሚለው መስመር ባዶ አይተው።

በጽሑፍ

ውል ሳይጻፍ ሥራ ቢጀመር አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። እኔ ግን 15 ቀን አልጠብቅም። ስልኩን በዘጋሁ በዚያው ቀን በቴሌግራም እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በስልክ በተነጋገርነው መሠረት ሥራውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ። የተስማማንበት፦ ሥራው ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። የቀን ሽፍት ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ነው። በ14 ቀን ውስጥ ከአራት ናይት አይበልጥም። ናይት የተወጣበት ቀን እንደ ኦፍ አይቆጠርም። ኦፍ ተጠራቅሞ በአንድ ላይ ሦስት ቀን ይወሰዳል፤ የጉዞው ቀን ከሥራ ይቆጠራል። ተተኪ ካልመጣች የቆየሁበት ቀን በዕረፍት ቀን ተመን ይከፈላል። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ ከሰባት ቀን በፊት ይደርሰኛል። የቀረ ወይም የተሳሳተ ካለ ቢያርሙልኝ፤ ትክክል ከሆነ ደግሞ ከውሉ ጋር ቢያያዝልኝ። አመሰግናለሁ።»

«ቢያርሙልኝ» የምለው ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ያረመ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። አንዳንዱ «እሺ ሲስተር» ብሎ ብቻ ይመልሳል። እሱም ይበቃል፤ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ። በፊርማው ቀን ግን አባሪው ከውሉ ጋር መኖሩን በዓይናችሁ እዩ፤ ማኅተሙ ሁለቱም ገጽ ላይ ይረፍ። ቢሮው ውስጥ ሰው ተሰልፎ «ቶሎ ቶሎ» ሲባል ነው ሁለተኛው ገጽ የሚጠፋው።

አንዳንድ ጊዜ ሁሉንም እንቢ ይላሉ። እኔ የማልቀበለው ብዙ አይደለም። ፕሮግራም የማያሳይ ቤት፣ ሦስት ነርስ ይዞ አራተኛ የማያመጣ ቤት፣ የተተኪዋን መስመር የማይጽፍ ቤት። ሌላው ይቻላል። እንዲህ ሲሆን አልቆጣም፤ «በዚህ ፕሮግራም ልጄን የሚይዝልኝ የለም፤ ሌላ የምትመቻችሁ ነርስ ካለች እጠቁማለሁ» እላለሁ። እውነትም እጠቁማለሁ፤ ልጅ የሌላት፣ ናይት የምትወድ ጓደኛ አታጡም። ግን ፕሮግራሙን ከፎቶው ጋር አድርጌ ነው የምሰጣት። የሚቀጥለው የወባ ወቅት ሲመጣ ያው አስተባባሪ ያንኑ ቁጥር ነው የሚደውለው። ያኔ «ሲስተር፣ ፕሮግራሙን አስቀድሜ ልኬልሻለሁ» ብሎ ነው የሚጀምረው።